ወደ ሌክ ሚድ በመኪና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኔቫዳና በአሪዞና መካከል ወደተንጣለለው የበረሃ ሐይቅ መኪና አስነስተው ለሚሄዱ ሰዎች፣ ከቀላሉ ጥያቄ እስከ አስቸጋሪው።

ሌክ ሚድ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው?

አይደለም። የኮሎራዶ ወንዝ በሁቨር ግድብ ሲታገድ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ ሐይቁ የተሰየመው ግድቡ ሲሠራ የመንግሥቱ የውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ኃላፊ በነበሩት በኤልውድ ሚድ ስም ነው። ሲሞላ በመላው አሜሪካ የሚስተካከለው የውሃ ማጠራቀሚያ የለም፤ ርዝመቱም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ሐይቁን የያዘው መዝናኛ ስፍራ (ፓርኩ) ደግሞ ከሐይቁ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ከግድቡ በታች ያለውን ሌክ ሞሃቪን ጨምሮ 6 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ያቅፋል፤ አብዛኛው ደረቅ ተራራና ሸለቆ ነው። ጉዞ ሲታቀድ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ስፋት ነው።

ከላስ ቬጋስ ምን ያህል ይርቃል?

በጣም ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም 30 ማይል ግድም ነው። መንገድ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል።

በስልኬ ካርታ ላይ «ሌክ ሚድ» ብዬ ብጽፍ አይበቃም?

አይበቃም። እንዲያውም ጉዞ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ካርታው የሐይቁን መሐል መርጦ ወደ ጥርጊያ መንገድ፣ ወይም ከተዘጋ ብዙ ዓመት ወደሆነው የጀልባ ማውረጃ ሊመራዎት ይችላል። መጀመሪያ የትኛው ዳርቻ እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ከዚያ የዚያን ወደብ ወይም የባሕር ዳርቻ ስም ይጻፉ።

ለቤተሰብ ሽርሽርና ለመዋኘት ብዙ ሰው የሚሄደው ቦልደር ቢች ነው። ጀልባ ለማውረድ ደግሞ አጠገቡ ሄመንዌይ ሃርበር አለ። ሁለቱም ከቦልደር ሲቲ ከተማ አፍንጫ ሥር ናቸው። ከሰሜን ላስ ቬጋስ የሚነሣ ሰው ለካልቪል ቤይ ይቀርባል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኤኮ ቤይና ወደ ኦቨርተን የሚወስደው ኖርዝሾር ሮድ የሚባለው መንገድ ነው፤ ቀይና ቢጫ ድንጋይ በሚፈራረቅባቸው ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ ባልገባም ለመንገዱ ብቻ እሄዳለሁ የሚል ሰው አውቃለሁ፤ አይፈረድበትም። ቴምፕል ባር፣ ሳውዝ ኮቭና ዊሎው ቢች በአሪዞና በኩል ናቸው። ኮተንዉድ ኮቭና ካትሪን ላንዲንግ ያሉት በሌክ ሞሃቪ ላይ ነው፤ እነዚህ ከላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ።

ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው መሄድ በካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሐይቁን የሚዞር መንገድ የለም። ከቦልደር ቢች ትይዩ የሚታየው የአሪዞና ዳርቻ በጀልባ ቅርብ ነው፤ በመኪና ግን ግድቡን ዞሮ፣ ተራራውን አቋርጦ፣ ከዋናው ጎዳና ታጥፎ መግባትን ይጠይቃል። ጓደኞችዎ በሌላ መኪና የሚመጡ ከሆነ «ሐይቁ ጋ እንገናኝ» ብላችሁ አትለያዩ።

መግቢያ ስንት ነው?

ለአንድ መኪና ከነተሳፋሪው 25 ዶላር ሲሆን ለሰባት ቀን ያገለግላል። የሌክ ሚድ የራሱ ዓመታዊ ካርድ 45 ዶላር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ ለሚሄድ በሁለተኛው ጉዞ ዋጋውን ይመልሳል ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን ሁሉ የሚያስገባው የ80 ዶላር ዓመታዊ ካርድ ያለው ነዋሪ እዚህም ይገባበታል። ጀልባ ለብቻው ይከፈልበታል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ዋጋው ስለሚሻሻልም ከመነሣትዎ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ነጻነት ካለዎት ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ (ወራቱ እዚህም ከዚህ በኋላም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አየሩ ለእግር ጉዞም ለመኪናም ይመቻል። ችግሩ ውሃው በመጋቢት ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ለመዋኘት የሚሄድ ሰው ከግንቦት በፊት ቢሄድ ቅር ይለዋል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ቀን ወደ 48 ይጠጋል። ያም ሆኖ ብዙ ሕዝብ የሚጎርፈው በዚያን ጊዜ ነው፤ በበዓላት ሰሞን በመግቢያ በሮቹ ላይ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። በእነዚህ የአሜሪካ በጋ ወራት መሄድ ግድ ከሆነብዎ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ጥላ ያለበት ቦታ ይያዙ። ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው ጥላ አያገኝም፤ በዚያ በረሃ ዛፍ የሚባል ነገር የተተከለ ካልሆነ በቀር የለም።

ከሎስ አንጀለስ ወይም ከፊኒክስ ስመጣ ላስ ቬጋስ መግባት አለብኝ?

ግድ አይደለም። ከሎስ አንጀለስ የሚመጣ ሰው በልማድ ኢንተርስቴት 15ን ይዞ 435 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ላስ ቬጋስ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መድረሻዎ ኮተንዉድ ኮቭ ከሆነ ግን ባርስቶው ላይ ወደ ኢንተርስቴት 40 ታጥፈው፣ ኒድልስ ከመድረስዎ በፊት በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ይውጡ። ሰርችላይት ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወደቡ 14 ማይል ብቻ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ በኢንተርስቴት 15 መመለስ ትዕግሥት የሚፈትን ነገር ነው፤ ከቻሉ ሰኞ ጠዋት ይመለሱ።

ከፊኒክስ የሚነሣው ደግሞ በ93 ቁጥር አውራ ጎዳና ዊከንበርግንና ኪንግማንን አልፎ ይመጣል። ቴምፕል ባርና ዊሎው ቢች ወንዙን ሳይሻገሩ በአሪዞና በኩል ስለሚገኙ፣ ለዚህ ሰው ቅርቦቹ እነርሱ ናቸው። ቴምፕል ባር ከዋናው ጎዳና ከታጠፉ በኋላም ገና ወደ 45 ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው ግን ያስቡ።

መኪናዬን ምን ላድርገው?

በበረሃ ጎዳና መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ጎማ ነው። ንፋሱ አነስተኛ የሆነ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሽከረከር ይበልጥ ይግላል፤ ከዚያም ይፈነዳል። የጎማውን ንፋስ የሚለኩት መኪናው አድሮ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ተጠባባቂው ጎማም ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም በቦታው መኖሩን ይመልከቱ። ባትሪ ሦስት አራት ዓመት ካገለገለ አስቀድሞ ማስመርመር ይበጃል፤ ባትሪን የሚጨርሰው ብርድ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነው።

ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ከጀመረ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። ካልወረደ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ስለሚስብ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ለጥቂት ደቂቃ ላብዎ ይንጠፈጠፋል፤ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል። ከቆሙ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አይክፈቱ፤ የሚፈናጠረው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ከተማ ውስጥ ሞልቶ ይውጣ። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ መኪናው የሚሄድበት ርቀት እንደሚቀንስ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድም ሲመለሱ ዳገት እንደሚሆን አስቦ ይነሣ።

ነዳጅና ምግብ መንገድ ላይ አገኛለሁ?

በቦልደር ሲቲ፣ በሄንደርሰን፣ በኦቨርተንና በሰርችላይት ነዳጅ ማደያ አለ። ኖርዝሾር ሮድ ላይ ከገቡ በኋላ ግን ማደያ እናገኛለን ብለው አይሂዱ። በየወደቦቹ ያሉ ሱቆች እንደ ወቅቱ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ምግቡንም በረዶውንም ከከተማ ይዘው ይውጡ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይያዙ፤ ለመኪናው ደግሞ ለብቻው። የመስታወት ጠርሙስና የነጭ ፎም ዕቃዎች በዳርቻው ላይ ክልክል ናቸው፤ መጠጡን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ያድርጉት።

ሁቨር ግድብን በዚያው ማየት እችላለሁ? በላዩስ ይነዳል?

ማየት ይቻላል፤ ከቦልደር ቢች ጥቂት ደቂቃ ነው። ከግድቡ በፊት የፍተሻ ኬላ አለ፤ ተሽከርካሪዎች ይፈተሻሉ። በግድቡ አናት ላይ በመኪና ተሻግሮ በአሪዞና በኩል ካሉት መቆሚያዎች መድረስ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን መንገዱ እዚያው ያበቃል፤ በመጡበት ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ወደ አሪዞና የሚያልፈው ትራፊክ ሁሉ የሚሄደው በእርሱ ላይ ነው።

ድልድዩ ከወንዙ 270 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ነው። ብዙ ሰው ከላዩ ሲያልፍ ግድቡን አያለሁ ብሎ ይጓጓና ጎኑ ላይ ያለው ግንብ ይጋርደዋል። ፎቶ የሚፈልግ ሰው በግድቡ መግቢያ መንገድ ገብቶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ ወደ ድልድዩ የእግረኛ መንገድ በደረጃ ይውጣ። የሐይቁ መግቢያ ካርድ ለግድቡ ጉብኝትም ሆነ ለመኪና ማቆሚያው አያገለግልም፤ ግድቡን የሚያስተዳድረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

ስልኬ ድንገት አንድ ሰዓት የሚጨምረው ለምንድን ነው?

ኔቫዳና አሪዞና የሚገኙት በተለያየ የሰዓት ክልል ነው። አሪዞና በበጋ ሰዓቱን ወደፊት ስለማይገፋ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ገደማ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። በቀሩት ወራት አሪዞና በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ግድቡ ላይ ባሉት የውሃ መሳቢያ ማማዎች የሁለቱን ግዛቶች ሰዓት የሚያሳዩ ሁለት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ጣጣው የሚመጣው በእነዚያ ወራት ጀልባ ወይም ጉብኝት ይዘው ቀጠሮ ሲኖርዎት ነው፤ ድንበሩ አጠገብ ስልክዎ የየትኛውን የስልክ ማማ ምልክት እንደያዘ አይታወቅም። ቀጠሮው በየትኛው ግዛት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ።

ልጆቼ ቢዋኙ ችግር አለው?

መዋኘት ይፈቀዳል፤ የዋና ጠባቂ ግን የለም። ልጆቹን የሚጠብቀው ወላጅ ብቻ ነው። ዳርቻው ዝግ ብሎ ሲሄድ ይቆይና በድንገት ይጠልቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ንፋሱ ነው፦ ጠዋት እንደ መስታወት የረጋው ውሃ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል፣ በአየር የተሞሉትን መጫወቻዎችና ፍራሾች ከነልጁ ወደ መሐል ይገፋቸዋል። ዋና የሚችል አባት ተከትሎ ይገባና እርሱ ይሰምጣል። ስለዚህ ልጅም ይሁን አዋቂ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ከቤት ይዘው ይምጡ።

ዊሎው ቢች የሚሄዱ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። እዚያ ያለው ውሃ ከሁቨር ግድብ ጥልቀት የሚለቀቅ ስለሆነ፣ አየሩ በ45 ዲግሪ እየነደደ እንኳ ውሃው አጥንት ይሰብራል። በድንገት ዘሎ የገባ ሰው ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል።

የውሃው መቀነስ ጉዞዬን ይነካል?

ለመዋኘት ከሆነ ብዙም አይነካም፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው የሚደረገው የእግር ጉዞ ይረዝማል እንጂ። ጀልባ ለሚጎትት ግን ሁሉ ነገር በእርሱ ላይ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ370 ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ወደ 317 ሜትር ግድም ወርዶ ነበር፤ ሐይቁ ከሞላበት ከ1930ዎቹ ወዲህ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም። በየቋጥኙ ላይ የሚታየው ሰፊ ነጭ መቀነት ውሃው ሲሸሽ ጥሎት የሄደው ማዕድን ነው። ኦቨርተን ቢች የሚባለው ወደብ ጭራሽ ተዘግቷል፤ ሌሎቹም ማውረጃዎች እንደ ውሃው ከፍታ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ጀልባ ጭኖ 80 ኪሎ ሜትር ነድቶ በተዘጋ ማውረጃ ፊት መቆም ያናድዳል፤ በሚነሡበት ቀን ጠዋት የፓርኩን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው ኳጋ የተባለ የዛጎል ፍጥረት። በጀልባ ተጣብቆ ወደ ሌላ ሐይቅ ስለሚዛመት፣ ጀልባዎን ሲያወጡ ማጽዳት፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስና ማድረቅ ግዴታዎ ነው። በቀጥታ ወደ ሌላ ሐይቅ ለመሄድ ካሰቡ መርሐ ግብርዎ ውስጥ የማድረቂያ ቀናት ያስገቡ።

ውሃው መሸሹ ያመጣው አንድ መልካም ነገር ቢኖር ሴንት ቶማስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የተቆረቆረችው ይህች ትንሽ ከተማ ሐይቁ ሲሞላ ተውጣ፣ የመጨረሻው ነዋሪ በ1938 ለቆ ወጣ። ዛሬ የቤቶቹ መሠረትና ደረጃዎች ተገልጠዋል፤ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ዞሮ ማየት ይቻላል። ከኖርዝሾር ሮድ ታጥፎ የሚያስገባው መንገድ ጥርጊያ ስለሆነ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት አይሞክሩት።

በአሸዋው ላይ እስከ ውሃው ድረስ መንዳት እችላለሁ?

በካርታና በምልክት በተፈቀዱ የጥርጊያ መንገዶች ላይ ብቻ። ከእነርሱ ወጥቶ መንዳት ሕግ መጣስ ነው፤ በረሃው ላይ የታተመ የጎማ ዱካ ለብዙ ዓመት አይጠፋም። ከሕጉ ይልቅ ግን ሰውን የሚይዘው ጭቃው ነው። ውሃው የሸሸበት መሬት ከላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን እንደ ገንፎ የላላ ነው። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ነው የያዝኩት ብሎ የገባው ሰው፣ ከሌላው የሚለየው ይበልጥ ርቆ ገብቶ መስመጡ ነው። የመጎተቻ አገልግሎት እዚያ ድረስ ከመጣም ሒሳቡ ቀላል አይሆንም።

ፍል ውሃዎቹ ጋ በበጋ መሄድ ይቻላል?

በእግር አይቻልም። ወደ ጎልድስትራይክና ወደ አሪዞና ፍል ውሃዎች የሚወስዱት የእግር መንገዶች ከግንቦት 15 እስከ መስከረም 30 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋሉ። በሸለቆዎቹ ውስጥ ሰው በሙቀት ስለሚሞት የወጣ ደንብ ነው። በተፈቀደው ወቅት ሲሄዱም ጭንቅላትዎን ውሃው ውስጥ አይንከሩ፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ አሜባ በፍል ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በበጋ መራመድ የሚፈልግ ሰው ማልዶ የድሮውን የባቡር መስመር ይሞክር፤ ሜዳማ ነው፣ አምስቱ ዋሻዎችም ጥላ ይሰጣሉ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መንገዱ በጎርፍ ሊዘጋ ይችላል?

ይችላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት፣ ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ዶፍ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ እርስዎ ካሉበት ይደርሳል። ኖርዝሾር ሮድ እንዲህ ያሉ ብዙ ደረቅ ወንዞችን ያቋርጣል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲፈስ ካዩ ቆመው ይጠብቁ፤ እንዲህ ያለው ጎርፍ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ድንኳንም መኪናም ደረቅ ወንዝ ውስጥ አያሳድሩ።

ስልክ በማይሠራበት ቦታ መኪናዬ ቢቆምብኝስ?

ከመኪናው አይራቁ። ከአየር ላይም ሆነ ከመንገድ ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ይታያል። የሞተሩን መከለያ ከፍተው ይተዉ፣ ጥላ ያብጁ፣ ውሃ ሲጠማዎ ይጠጡ፤ ለነገ ብሎ መቆጠብ በዚያ ሙቀት አይጠቅምም። መኪናው ውስጥ ሲቀመጡ ቢያቃጥልዎት መኪናው በጣለው ጥላ በኩል ወጥተው ይቀመጡ፤ መሬቱ ራሱ ስለሚያቃጥል ከሥርዎ ምንጣፍ ያንጥፉ። ድምፅ አልሄድ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል ወደ 911 ይሞክሩ።

ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የትኛው ወደብ እንደሚሄዱ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመለሱና በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ካልደረሱ ለማን እንደሚደውልም ጭምር። ካርታውን ከተማ ውስጥ ሳሉ ስልክዎ ላይ ያውርዱ። በምሽት ሲመለሱ ፍጥነት ይቀንሱ፤ የዱር አህዮችና ቀንደ ትላልቅ የተራራ በጎች መንገድ ላይ ይወጣሉ፤ ግራጫው አህያ በመብራት ብርሃን የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው።